ጂኒው ወይስ ዕዳው? የአስፈሪ ታሪክ ጣት ወደ ማን ይጠቁማል?

በሰኔና በሐምሌ ቀትር ላይ የደማምና የአል ኮባር ጎዳናዎች ጭር ይላሉ። በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ጠረፍ የሙቀቱ መጠን ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚያልፍባቸው በእነዚህ ወራት፣ ከባሕሩ የሚነሳው ወበቅ ሲጨመርበት፣ ከቤት የሚወጣው የግድ የሚያስወጣ ጉዳይ ያለው ሰው ብቻ ነው። ዛሬ ሰዉን በቤቱ የሚያቆየው የአየር ማቀዝቀዣ ነው። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን ግን ሕፃናትን ከደጅ የሚያስቀረው ተረት ነበር። የአካባቢው እናቶች «ሑማረት አል ቃይላ» የሚሏት፣ ግማሽ አካሏ ሴት ግማሽ አካሏ አህያ የሆነች ፍጡር በቀትር በየመንገዱ ትዞራለች፤ ከቤት ወጥቶ ያገኘችውን ልጅም ይዛ ትሄዳለች ይባል ነበር። ስሟ በአማርኛ «የቀትር አህያ» እንደ ማለት ነው።

ይህን የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ብዙም አይደነቅም። በአገራችን ገጠር ያደገ ሰው «የቀትር ጋኔን» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ያውቀዋል። ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት ሰዓት ብቻውን ወደ ወንዝ የወረደ ልጅ ይመታል ይባላል። ሁለቱ ሕዝቦች በባሕርና በበረሃ ተለያይተው ሳለ ለአንድ ሰዓት ተመሳሳይ ጠባቂ ማቆማቸው የሚነግረን ነገር አለ። በተረቱ ውስጥ ያለው ፍጡር በዓይን የታየ ባይሆንም የሚያስጠነቅቅበት አደጋ እውነተኛ ነው። ፀሐይ ልጅን ትገድላለች፤ ወንዝም ይወስዳል።

በደማም አቅራቢያ በቀጢፍና በአል አህሳ የተምር ደኖች ደግሞ «ኡም አል ኸደር ወል ሊፍ» የተባለች ሌላ ፍጡር ትኖራለች ይባላል። የአል አህሳ ለምለም ምድር እ.ኤ.አ በ2018 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ሁለት ሚሊዮን ተኩል የሚደርስ የተምር ዛፍ ያለበት ሰፊ ስፍራ ነው። በውስጡ የመስኖ ቦይና የውኃ ጉድጓድ ይበዛል። ጨለማ ሲሆን ወደዚያ የሚገባ ልጅ መጥፋቱ ወይም መውደቁ አይቀርም። ዛፍ መስላ የምትቆመው አስፈሪ እናትም ልጆች ከጉድጓዱ እንዲርቁ አድርጋለች።

በአስፈሪ ታሪክ ዙሪያ በዓለም ላይ የቆየ ክርክር አለ። አንዱ ወገን እውነተኛ ፍርሃት የሚመጣው በሕይወት ሊደርስ ከሚችል ነገር ነው ይላል። ነፍሰ ገዳይ፣ ጦርነት፣ የተቆለፈ በር ለዚህ ወገን በቂ ናቸው። ሌላው ወገን ደግሞ ሰውን ከሥሩ የሚያናውጠው አእምሮው ሊያስረዳው የማይችለው ነገር ነው ይላል። ትውልደ ቡልጋሪያዊው የሥነ ጽሑፍ ሊቅ ፅቬታን ቶዶሮቭ እ.ኤ.አ በ1970 ባሳተሙት ጥናት፣ የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ኃይል አንባቢው «ይህ ነገር በተፈጥሮ ሕግ የሚገለጽ ነው ወይስ ከተፈጥሮ በላይ ነው?» እያለ በሚያመነታባት ቅጽበት እንደሚገኝ አስረድተዋል።

ይህ ትንታኔ ወደ ደማም ሲመጣ ግን ጥቂት መታረም አለበት። በእስልምና አስተምህሮ ጂኒ በእምነት የተረጋገጠ ፍጡር ነው፤ በቅዱስ ቁርኣንም ከምዕራፎቹ አንዱ በስሙ ተሰይሟል። በኢትዮጵያም ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ርኩስ መንፈስ መኖሩን ያምናል። ስለዚህ የእነዚህ አገሮች አድማጭ ማመንታት «ጂኒ አለ ወይስ የለም?» በሚለው ላይ አይደለም። ጥያቄው «ይህን ያደረገው ጂኒ ነው ወይስ ሰው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በተረት ብቻ ተወስኖ አይቀርም። መልሱ ሰውን ሊያድን ወይም ሊያስከስስ ይችላል።

ባሕሩና ዕዳው

ደማምና አል ኮባር ዛሬ ሰፋፊ ከተሞች ቢሆኑም፣ እ.ኤ.አ በ1923 ከባሕሬን ተሻግረው የመጡ የደዋሲር ጎሣ አባላት ሲሰፍሩባቸው ዓሣ አጥማጆችና ዕንቁ ጠላቂዎች የሚኖሩባቸው ትንንሽ መንደሮች ነበሩ። በአቅራቢያው ባለችው የታሩት ደሴት ላይ የምትገኘው ዳሪን ለረጅም ዘመን የታወቀች የባሕር በር ነበረች። የዕንቁ ጠለቃ ወቅት በበረታው ሙቀት ጊዜ ለአራት ወራት ያህል ይቆያል። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋል፤ እግሩን ከከባድ ድንጋይ ጋር አያይዞ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከላይ ገመዱን የያዘው ጓደኛው እስኪስበው ድረስ በአንድ ትንፋሽ ይሠራል።

በእነዚህ መርከቦች ላይ ከሁሉ በላይ የሚፈራው «ቡ ደርያ» የተባለው የባሕር ጂኒ ነበር። ስሙ «የባሕር አባት» ማለት ነው። በሌሊት እየሰጠመ እንዳለ ሰው ድምፁን አሰምቶ ይጮኻል፤ ሊረዳው የቀረበውንም ይበላል፤ አንዳንዴም በዝምታ ወደ መርከቡ ይወጣል ይባላል። መርከበኞቹ ግን መድኃኒቱን ያውቁ ነበር። «መጋዝና መጥረቢያ አምጡ!» ብለው ሲጮኹ ፈርቶ ወደ ውኃው ይመለሳል።

ጠላቂው ግን መጋዝና መጥረቢያ የማያባርሩት ሌላ ነገር ነበረበት። ወቅቱ ከመጀመሩ በፊት ለቤተሰቡ ስንቅ የሚሆን ገንዘብ ከመርከቡ አዛዥ ይበደራል። ዕንቁው ተሸጦ ድርሻው ሲሰላ ብዙ ጊዜ ዕዳውን አይሸፍንም። የቀረው ወደሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል፤ ጠላቂው ሲሞት ደግሞ ወደ ልጁ የሚሸጋገርበት ጊዜ ነበር። አባቱ ስለሞተበት ባሕር ሲያስብ የሚንቀጠቀጥ ልጅ፣ በአባቱ ዕዳ ምክንያት ወደዚያው ባሕር ይወርዳል።

«ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» እንደሚባለው፣ ቡ ደርያ ሥርዓት ያለው ጠላት ነበር። የሚመጣበት ሰዓትና የሚሸሽበት ቃል ይታወቃል። የዕዳ መዝገብ ግን ጩኸት አይሰማም። ምናልባትም መርከበኞቹ ስለ ጂኒው ደፍረው ሲያወሩ ስለ መዝገቡ ዝም ያሉት ለዚህ ይሆናል፤ ጂኒውን የሚሰድብ ሰው ሥራውን አያጣም። በባሕር ላይ የጠፋ ሰው ሁሉ «ቡ ደርያ ወሰደው» ከተባለ፣ ሰውየው ለምን ያን ያህል ጠልቆ እንዲሠራ እንደተገደደ የሚጠይቅ አይኖርም። ልጆችን ከፀሐይ የጠበቀው ዓይነት ተረት እዚህ ላይ ሌላ ሥራ ሠርቷል። የአደጋውን ምክንያት ሸፍኗል።

ከጉድጓድ ቁጥር 7 በኋላ

እ.ኤ.አ በ1930ዎቹ የጃፓን የእርባታ ዕንቁና የዓለም የኢኮኖሚ ድቀት የባሕረ ሰላጤውን የዕንቁ ንግድ ሰበሩት። በመጋቢት ወር 1938 እ.ኤ.አ ደግሞ በዳህራን «የደማም ጉድጓድ ቁጥር 7» በሚል የታወቀው ጉድጓድ ለንግድ የሚበቃ ነዳጅ ሰጠ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ለውጥ በአስፈሪ ውበት ካሳዩት ደራስያን ቀዳሚው አብዱራህማን ሙኒፍ ናቸው። እ.ኤ.አ በ1984 መታተም የጀመረው «የጨው ከተሞች» የተሰኘው ተከታታይ ልቦለዳቸው፣ ነዳጅ ሲገኝባት ከምድር ገጽ የጠፋች አንዲት የበረሃ መንደርንና በምትኩ በባሕር ዳር የተገነባችውን «ሐራን» የተባለች ከተማ ይተርካል። ብዙ ተቺዎች ሐራንን ከዳህራን ጋር ያመሳስሏታል።

ሙኒፍ በነዳጅ ኢኮኖሚ ትምህርት የዶክትሬት ዲግሪ ያላቸው፣ የነገሩን ሒሳብ የሚያውቁ ሰው ነበሩ። ልቦለዱም የሚተርከው ስለ ደመወዝ፣ ስለ መኖሪያ ሠፈርና ስለ ሥራ ማቆም አድማ ነው። በእውኑም ዓለም የአራምኮ ሠራተኞች እ.ኤ.አ በ1953 እና በ1956 በምሥራቃዊው ግዛት አድማ አድርገዋል። እንዲህ ባለው እውነታዊ ሥራ መካከል ግን አንድ መንፈስ የሚመስል ሰው ይመላለሳል። ሚትዐብ አል ሀዝዛል ይባላል። የመንደሩ ዛፎች በማሽን ሲገነደሱ አይቶ ግመሉ ላይ ወጥቶ የተሰወረ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ሞቷል የሚል ማስረጃ የለም፤ በሕይወት አለ የሚልም የለም። ነገር ግን አደጋ ሲመጣ፣ ጎርፍና ማዕበል ሲነሳ፣ ሰዎች አየነው ይላሉ።

ደራሲው ይህን ምስል የጨመሩት አንባቢን ለማስደንገጥ አይደለም። በሕግም በወረቀትም የማይታወቅ አንድ በደል ነበር፤ ሰዎቹም በደሉን የሚያቀርቡበት ሸንጎ አልነበራቸውም። መንደራቸው ስለጠፋ ምስክሩ ከመንደሩ ጋር የጠፋው ሰው ሆነ። በዚህ ልቦለድ ውስጥ መንፈሱ በደሉን አይሸፍንም፤ እንዳይረሳ ያደርጋል። እውነታዊው ትረካና ከተፈጥሮ በላይ የሆነው ነገር ተቃራኒ ሆነው ሳይሆን ተደጋግፈው ቆመዋል።

ከድልድዩ ማዶ እስከ ዳህራን

የምሥራቃዊው ግዛት ነዋሪ ለረጅም ጊዜ ፊልም ለማየት ባሕር መሻገር ነበረበት። እ.ኤ.አ በ1986 የተከፈተውና 25 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ አል ኮባርን ከባሕሬን ያገናኛል። በሳዑዲ ሲኒማ ቤቶች ተዘግተው በቆዩባቸው ዓመታት፣ በሳምንቱ መጨረሻ ድልድዩን ከሚያቋርጡት ቤተሰቦች ብዙዎቹ ወደ ባሕሬን ሲኒማ ቤቶች የሚሄዱ ነበሩ። ሲኒማ ቤቶች በአገሪቱ ዳግም የተከፈቱት እ.ኤ.አ በሚያዝያ 2018 ነው። የሳዑዲ ፊልም ፌስቲቫል ግን ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ በ2008፣ በደማም ተጀምሮ ነበር። በአሁኑ ጊዜ ፌስቲቫሉ የሚካሄደው በዳህራን ከጉድጓድ ቁጥር 7 አጠገብ በተገነባው «ኢትራ» በሚባለው የባህል ማዕከል ነው።

አዲሱ የሳዑዲ ፊልም የፍርሃትን ሁለት መንገዶች በአንድ ዓመት ጎን ለጎን አሳይቷል። እ.ኤ.አ በ2023 የቀይ ባሕር ዓለም አቀፍ ፊልም ፌስቲቫልን የከፈተው «ሐውጀን» የተሰኘው ፊልም፣ የሰው ልጅ ስላፈቀረ ወጣት ጂኒ ይተርካል። መነሻው የኢብራሂም አባስ ልቦለድ ነው፤ መጽሐፉ ከዚያ አሥር ዓመት ቀድሞ በድብቅ ጥበብ ያባብላል ተብሎ ከመደብሮች ተነስቶ ነበር። በታሪኩ ውስጥ ጂኒው ደግ ነው፤ የሚያስፈራው በድግምት ሌሎችን ለመግዛት የሚፈልገው ሰው ነው። በዚያው ዓመት የወጣው የመሻል አል ጃሰር «ናጋ» ደግሞ ከአባቷ ተደብቃ ወደ በረሃ ስለሄደች አንዲት ወጣት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት ካልተመለሰች ምን እንደሚጠብቃት ታውቃለች። በበረሃው ላይ ብዙ የሚያስደነግጥ ነገር ይገጥማታል፤ ከሁሉም በላይ ግን ተመልካቹን የሚያስጨንቀው ሰዓቱ ነው።

ሁለቱ ፊልሞች በዘውግ ቢለያዩም ጣታቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማል። ኃይል ያለው ሰው ደካማውን ምን ሊያደርገው ይችላል? ይህ ጥያቄ በደማምና በአል ኮባር ቤቶች ውስጥ ለሚሠሩት ኢትዮጵያውያን እህቶች ይበልጥ ቅርብ ነው።

ባሕር የተሻገረው ዛር

በኢትዮጵያና በዓረቢያ መካከል የተመላለሰው ሰውና ሸቀጥ ብቻ አይደለም፤ መንፈስም ተሻግሯል። ብዙ ተመራማሪዎች ምንጩን ከኢትዮጵያ ጋር የሚያያይዙት የዛር ሥርዓት በሱዳንና በግብፅ፣ በዓረቢያ ምድርና በደቡብ ኢራን ጠረፍ ይገኛል። የሆላንዱ ምሁር ስኑክ ሁርኽሮኔ እ.ኤ.አ በ1880ዎቹ በመካ ስላዩት ዛር ጽፈዋል። በባሕረ ሰላጤው ጠረፍም ሥርዓቱ «ጠምቡራ» በሚባለው የክር መሣሪያ ይታጀባል። ከተሻገረባቸው መንገዶች አንዱ የባሪያ ንግድ ነው። ከአገራቸው ተነጥቀው የተወሰዱ ሰዎች ንብረት መያዝ አይችሉም፤ መንፈሳቸውን ግን ይዘው ሄዱ።

በጎንደር እ.ኤ.አ በ1932 ዛርን ያጠኑት ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በሥርዓቱ ውስጥ የቲያትር ባሕርይ እንዳለ አስተውለዋል። በሌላ በኩል ብሪታኒያዊው የሥነ ሰብ ምሁር አይ. ኤም. ሊዊስ እ.ኤ.አ በ1971 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ መናገር የተከለከሉ ሴቶች በመንፈሱ አፍ ፍላጎታቸውንና ብሶታቸውን እንደሚያሰሙ ተከራክረዋል። ሴቲቱ ለባሏ ልብስ ግዛልኝ ብትለው ሊቆጣ ይችላል፤ ዛሩ ሲጠይቅ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማል። ይህ ማብራሪያ የሥርዓቱን ሁሉ ምሥጢር ይፈታል ባይባልም፣ መንፈስ ለደካማው አንደበት ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ጣቱ ሲሳሳት

ይኸው እምነት ግን በደካማው ላይም ሊዞር ይችላል። ሂዩማን ራይትስ ዎች እ.ኤ.አ በ2008 በሳዑዲ ዓረቢያ ስለሚገኙ የቤት ሠራተኞች ባወጣው ሪፖርት፣ በደል ደርሶብናል ብለው የሚያመለክቱ ሠራተኞች አንዳንድ ጊዜ በስርቆት ወይም በጥንቆላ የመልስ ክስ እንደሚቀርብባቸው መዝግቧል። የአገሪቱ የሃይማኖት ፖሊስ እ.ኤ.አ በ2009 ጥንቆላን የሚከታተል ልዩ ክፍል አቋቁሞ ነበር፤ ተቋሙ ሰው የማሰር ሥልጣኑ የተነሳው እ.ኤ.አ በ2016 ነው።

ልጅ ሲታመም፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ሰላም ሲጠፋ፣ ከሩቅ አገር የመጣችው፣ ቋንቋዋና ጸሎቷ የማይታወቀው ሴት ለጥርጣሬ ቅርብ ናት። እናቷ ያሰረችላት ክታብ ወይም ባልታወቀ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ሊያስጠረጥራት ይችላል። በዚህ ጊዜ የአስፈሪው ተረት ደራሲ የቤቱ ባለቤት ነው፤ ጭራቋ ደግሞ ሠራተኛዋ ናት። ደመወዟ ለወራት ያልተከፈላት መሆኑ በተረቱ ውስጥ አይነገርም።

ይህ የሌላ አገር ጉድ ብቻ ነው የሚል ኢትዮጵያዊ ካለ ወደ ራሱ ታሪክ ይመልከት። ብረት ቀጥቅጦ ማረሻ የሠራውን፣ ሸክላ ሠርታ ምጣድ ያቀረበችውን፣ ቆዳ የፋቀውን ሰው «ቡዳ ነው» እያለ ያራቀው የራሳችን ማኅበረሰብ ነው። ልጅ በበሽታ ሲሞት ጣቱ ወደ ባለሙያው ይቀሰር ነበር። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበረ ስላዩ ነው። ማረሻውን ተቀብሎ ሠሪውን መፍራትና ቤቷን የምታጸዳውን ሴት ጠንቋይ ማለት አንድ ዓይነት ተረት ነው።

ደመወዙን የሚጠይቅ መንፈስ

ታዲያ መፍትሔው ጂኒን ከታሪክ ማስወጣት ነውን? በቅርብ ዓመታት የወጡ ሁለት ፊልሞች ሌላ መንገድ አሳይተዋል። ትውልደ ሴኔጋላዊቷ ማቲ ዲዮፕ እ.ኤ.አ በ2019 በካን ፌስቲቫል ግራንድ ፕሪን ያሸነፉበት «አትላንቲክስ» የሚጀምረው በዳካር አንድ ግንብ እየሠሩ ለሦስት ወራት ባልተከፈላቸው ወጣቶች ነው። ወጣቶቹ በጀልባ ወደ ስፔን ሲያቀኑ ባሕር ይበላቸዋል። ከዚያ በኋላ በሌሊት በእጮኞቻቸውና በእህቶቻቸው ገላ ላይ አድረው ወደ ባለሀብቱ ቤት ይመጣሉ። የሚጠይቁት ደም አይደለም፤ ያልተከፈለ ደመወዛቸውን ነው። ከላይ የተነሳውን የዛር ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የኒክያቱ ጁሱ «ናኒ» ደግሞ እ.ኤ.አ በ2022 በሰንዳንስ የዳኞችን ታላቅ ሽልማት ያገኘ ሥራ ነው። በኒው ዮርክ የሀብታም ልጅ የምታሳድግ ሴኔጋላዊት ልጇን ከአገሯ ለማምጣት ገንዘብ ታጠራቅማለች። አሠሪዎቿ ደመወዟን ያዘገያሉ። በዚያው መጠን የውኃዋ መንፈስ ማሚ ዋታ በሕልሟና በመስተዋቷ ትታያለች። ተመልካቹ መንፈሷን ይፈራል፤ ነገር ግን የሚያንገበግበው እያንዳንዱ የዘገየ ክፍያ ነው።

በሁለቱም ፊልሞች ገንዘቡ ተቆጥሯል፤ ወራቱ ይታወቃሉ፤ አሠሪውም ስም አለው። መንፈሱ የሚቆመው በዚህ እውነት ላይ ነው። ይህ መሠረት ባይኖር ኖሮ የሞቱት ወጣቶች ተራ ጭራቆች ይሆኑ ነበር። በአንጻሩ መንፈሱ ባይኖር ኖሮ ሙታኑ ዕዳቸውን የሚጠይቁበት መንገድ አልነበረም፤ ታሪኩም ባሕሩ ላይ ያበቃ ነበር።

በእውነታዊና ከተፈጥሮ በላይ በሆነው ትረካ መካከል ያለው ክርክር ብዙ ጊዜ «የቱ የበለጠ ያስፈራል?» በሚል ጥያቄ ይወሰናል። ከዳሪን የዕንቁ መርከቦች እስከ አል ኮባር መኖሪያ ቤቶች ያለው ታሪክ ግን ሌላ መመዘኛ ይሰጣል። የቀትሯ አህያ ጣቷን ወደ ፀሐይ ስለጠቆመች ልጅ አድናለች። ሚትዐብ አል ሀዝዛል ወደ ተገነደሱት ዛፎች ስለጠቆመ መንደሩን አስታውሷል። ቡ ደርያ ግን የዕዳውን መዝገብ ሸፍኗል፤ የጥንቆላ ክስም ተበዳይዋን በዳይ አድርጓል።

በደማምና በአል ኮባር ስለሚኖሩት የአገራችን ሴቶች በአማርኛ አስፈሪ ታሪክ የሚጽፍ ደራሲ ወይም ፊልም የሚሠራ ባለሙያ ሲነሳ፣ ከጂኒውም ከእውነታውም የፈለገውን የመምረጥ ነፃነት አለው። ሌሊት በኮሪደሩ ላይ የሚሰማው የእግር ኮቴ የማን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ላይነግረን ይችላል። ነገር ግን በሩ ከውጭ እንደተቆለፈ ሲነግረን ቁልፉ በማን ኪስ እንዳለም መናገር አለበት። ጂኒ በር ለመዝጋት ቁልፍ አያስፈልገውም።